የረዐይት ቁመትና የምድር ጩኸት፤ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ የቀረበ ሐተታ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የዕረፍት ሰዓት ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋራ ሻይ ስንጠጣ፥ አንዱ የጥንት ረዐይት ቁመታቸው ስንት ክንድ እንደ ነበረ ጠየቀ። ጥያቄው እንደ ቀልድ ተጀምሮ ወደ ብርቱ ክርክር ተለወጠ። አንዱ የጎልያድን ቁመት ጠቀሰ፤ ሁለተኛው የባሳንን ንጉሥ የዐግን አልጋ አነሣ፤ ሦስተኛው ደግሞ በመጽሐፈ ሄኖክ የተጻፈውን 3000 ክንድ ተናግሮ ሁሉንም ዝም አሰኘ። ሰዓቱ ደርሶ ወደየጠረጴዛችን ስንመለስ ግን፥ እነዚህ ግዙፋን ምን እንዳደረጉ፥ ማንን እንደ በደሉና በምን ፍርድ እንደ ጠፉ ከመካከላችን አንድም ሰው አለመጠየቁን አስተዋልን። ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

እኛ የመጻሕፍት ሊቃውንት አይደለንም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቀለምና በወረቀት እንጀራችንን የምንበላ ጸሐፊዎች ነን። ስለዚህ ስለ ሃይማኖት ምሥጢር ለመፍረድ አንደፍርም፤ ያ የሊቃውንት ድርሻ ነው። አሳባችን መጽሐፈ ሄኖክን እንደ አንድ ታላቅ ድርሰት አንብበን፥ ደራሲው ምን ሊነግረን እንደ ፈለገ፥ የት እንደ ተሳካለትና የት እንደ ጎደለው ለመመርመር ነው። የምንለውም በአጭሩ፥ የረዐይት ታሪክ ስለ ፍርድ የተጻፈ ስለ ሆነ በክንድ ከመለካቱ በፊት በፍርድ ሚዛን ሊነበብ ይገባዋል የሚል ነው።

የነገሩ ሥር በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 6 መጀመሪያ የሚገኙት አራት ቍጥሮች ናቸው። በዚያ የእግዚአብሔር ልጆች የሰዎችን ሴቶች ልጆች አይተው እንዳገቡ፥ በዚያም ዘመን በዕብራይስጥ ኔፊሊም የሚባሉ በምድር ላይ እንደ ነበሩ፥ ከጋብቻውም ስመ ጥር ኃያላን እንደ ተወለዱ ተጽፏል። በግዕዝ መጻሕፍታችን እነዚህ ግዙፋን ረዐይት ይባላሉ። የኦሪት ጸሐፊ ግን ከዚህ አልፎ አያብራራም፤ ወዲያው ስለ ሰው ክፋትና ስለ ጥፋት ውኃ ይናገራል። እንዲህ ያለ አጭርና ጨለማ ንባብ የሚያነበውን ሰው ዕረፍት ይነሣዋል፤ ስለዚህም ከዚያ በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ክፍተቱን ለመሙላት ደከሙ።

በሌሎቹም የኦሪትና የነገሥታት ታሪኮች ግዙፋን አልፎ አልፎ ይታያሉ። በዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ወደ ከነዓን የተላኩት ሰላዮች የዔናቅን ልጆች አይተው ራሳቸውን እንደ አንበጣ ቈጠሩ። በዘዳግም ምዕራፍ 3 የዐግ የብረት አልጋ ርዝመቱ 9 ክንድ፥ ወርዱ 4 ክንድ እንደ ነበረ ተመዝግቧል። የጎልያድ ቁመት ግን በዕብራይስጡ የታወቀ ንባብ 6 ክንድ ከስንዝር ሲሆን፥ በጥንታዊው የግሪክ ትርጓሜና በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ በተገኘው የሳሙኤል ጥቅልል 4 ክንድ ከስንዝር ነው። እንግዲህ የአንድ ሰው ቁመት ከብራና ወደ ብራና በሁለት ክንድ የሚለያይ ከሆነ፥ በሻይ ሰዓት ክንድ እየቈጠሩ መከራከር ምን ይጠቅማል? መጽሐፈ ባሮክ በምዕራፍ 3 ከዚህ ይልቅ የሚበልጥ ነገር ይነግረናል፤ የጥንት ግዙፋን በቁመት የረዘሙና ጦርነትን የሚያውቁ ሆነው ሳሉ፥ ጥበብ ስላልነበራቸው ጠፉ።

ነገሩን በምልዓት የተረከው ግን መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ መጽሐፍ በግዕዙ 108 ምዕራፍ ያለው ሲሆን፥ በተለያየ ዘመን የተጻፉ አምስት ታላላቅ ክፍሎች የተጋጠሙበት ነው። ስለ ትጉሃን ውድቀት የሚናገረው የመጀመሪያው ክፍል 36 ምዕራፎችን ይይዛል፤ ተመራማሪዎች ይህን ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ ያደርጉታል። ትጉሃን የተባሉት እንቅልፍ የማያውቁ የሰማይ ጠባቂዎች ናቸው። ስማቸው ራሱ ክሳቸው ነው፤ እንዲጠብቁ የተሾሙት ሹመታቸውን ጥለው ወርደዋልና።

ሁለት መቶ ሆነው በአርሞንዔም ተራራ ራስ ላይ ወረዱ። አለቃቸው ስምያዛ ግን ከመውረዳቸው በፊት አንድ ሥጋት ገለጠ፤ እናንተ ወደ ኋላ ትሉና የዚህን ታላቅ ኀጢአት ዕዳ እኔ ብቻዬን እሸከማለሁ ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሁሉም በመሐላ ተሳሰሩ። ደራሲው የሰውን ጠባይ ምን ያህል እንደ መረመረ ከዚህ ይታያል። ስምያዛ የፈራው ኀጢአቱን ሳይሆን ብቻውን ተጠያቂ መሆኑን ነው። ጥፋት በብዙ እጅ ሲፈረም የማንም ጥፋት እንዳይሆን ማድረግ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው ማለት ነው። ደራሲው ግን ይህን ዘዴ አልተቀበለም፤ ወዲያው የአለቆቹን ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በመሐላ የተሸሸገው በስም ዝርዝር ተገለጠ።

ከሰዎች ልጆችም ሚስቶች አገቡ፤ ረዐይትም ተወለዱ። የምግባቸውን ቅደም ተከተል ልብ ብለን እንመልከት። አስቀድመው የሰውን ድካም ሁሉ በሉ፤ ሰዎች እነርሱን መመገብ ባቃታቸው ጊዜ ሰዎቹን በሉ፤ ቀጥሎም በአዕዋፍና በአራዊት፥ በሚሳቡና በዓሣዎች ላይ ተነሡ፤ በመጨረሻ እርስ በርሳቸው ተበላሉ፤ ደምም ጠጡ። የሌላውን ድካም በመብላት የተጀመረ ነገር የሌላውን ሥጋ በመብላት ተፈጸመ። በእኛ አስተያየት ከጥንት ጸሐፊዎች የግፍን መንገድ በእነዚህ ጥቂት ቃላት እንዲህ አስተካክሎ ያሳየ ብዙ አይገኝም። 3000 ክንድ የተባለውም መተርጐም ያለበት በዚህ ነው። አንድ ክንድ የግማሽ ሜትር ያህል ቢሆን ቁመቱ ወደ 1500 ሜትር ይጠጋል፤ የአርሞንዔም ተራራ ራሱ 2814 ሜትር ነውና ረዐይታዊው የተራራውን እኩሌታ ያልፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍጡር አጥንቱን ለመፈለግ ምድር መቈፈር አያስፈልግም፤ የተለካው የሆዱ መጠን ነው። ጆርጅ ኒክልስበርግ የተባሉት ተመራማሪ በ1977 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ባወጡት ጥናት፥ ይህ ታሪክ ታላቁ እስክንድር በ323 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሞተ በኋላ የጦር አለቆቹ አገሩን እየተከፋፈሉ በተዋጉበት ዘመን የተጻፈ ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ሠራዊት በየዓመቱ ሲያልፍባት እህሏ የተበላባት አገር፥ አላፊዎቹን ረዐይት ብትላቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመጽሐፉ ልብ ነው። ምድር ዐመፀኞቹን ከሰሰች። ሰዎች እየጠፉ ሳሉ ጮኹ፤ ጩኸታቸውም ወደ ሰማይ ወጣ። ይህን ክስ ያረቀቀ ጸሐፊ የለም፤ ማኅተም አላረፈበትም፤ በመልእክተኛ እጅ አልተላከም። ቢሆንም የሞቱት ሰዎች ነፍሶች ጩኸት እስከ ሰማይ ደጆች ደረሰ፤ የመላእክት አለቆችም ወደ ታች ተመልክተው በምድር ላይ የፈሰሰውን ደም አዩና ነገሩን በልዑል ፊት አቀረቡ። ፍርዱም ወጣ፤ ሩፋኤል አዛዝኤልን እጅና እግሩን አስሮ በዱዳኤል ምድረ በዳ በጨለማ እንዲጥለው፥ ገብርኤል የትጉሃንን ልጆች እርስ በርሳቸው እንዲያዋጋቸው፥ ሚካኤልም ስምያዛንና ጓደኞቹን ለሰባ ትውልድ ከምድር በታች እንዲያስራቸው ታዘዙ።

አሁን ከዚህ ጋራ የትጉሃንን አቤቱታ እናስተያይ። ፍርዱን በሰሙ ጊዜ ተንቀጠቀጡ፤ ሄኖክንም የምሕረት ማመልከቻ እንዲጽፍላቸው ለመኑት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መናገር አልቻሉም፤ ከኀፍረትም የተነሣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ማንሣት ተስኗቸው ነበርና። ሄኖክም ጻፈላቸው፤ የእያንዳንዱን ልመና በዝርዝር አስገባ፤ በአርሞንዔም አጠገብ በዳን ውኃ ዳር ተቀምጦ ማመልከቻውን እያነበበ ሳለ እንቅልፍ ወሰደው። በራእይም መልሱን ተቀበለ፤ ልመናቸው አይፈጸምም። ከዚህም በላይ እነርሱ ስለ ሰው ሊለምኑ ሲገባቸው ሰው ስለ እነርሱ እንዲለምን በመላካቸው ተነቀፉ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ቦታ ቆም ብለን እናስተውል። በመልካም እጅ የተጻፈው የኃያላን ማመልከቻ ወደቀ፤ ማንም ያልጻፈው የምድር ጩኸት ተሰማ። እኛ የጽሕፈት ሠራተኞች ይህን ስናነብ ልባችን ተነካ። በየቀኑ በጠረጴዛችን ላይ ማመልከቻ ያልፋልና። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ይዘውት የመጡት ወረቀት በደንቡ መሠረት አልተጻፈም ብለን መልሰናቸዋል፤ ሌላ ቀንም አልመጡም። ጉዳያቸው ምን እንደ ነበረ አልጠየቅናቸውም። የረዐይትን ቁመት ስንለካ ሥራቸውን እንዳልጠየቅን ሁሉ፥ የወረቀቱን መልክ ስንመረምር ሰውዬዋን አላየናቸውም። መጽሐፉ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ ቢሆንም ያን ቀን ለእኛ የተጻፈ መሰለን።

ከፍርድ ቀጥሎ መጽሐፉ የሚያነሣው ትልቅ ነገር ዕውቀት ነው። አዛዝኤል ሰይፍና ካራ፥ ጋሻና ጥሩር መሥራትን፥ ደግሞም አምባርና ጌጥ፥ ኵልና ልዩ ልዩ ቀለም አስተማረ። ሌሎቹ አስማትንና ሥር መማስን፥ የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ገለጡ። በምዕራፍ 69 ደግሞ ጴኔሙእ የተባለው ለሰው ልጆች በቀለምና በወረቀት መጻፍን በማስተማሩ ይከሰሳል፤ ብዙዎችም በዚህ ሳቱ ይላል። አንዳንድ አንባቢ ይህን ይዞ መጽሐፉ የዕውቀት ጠላት ነው ሊል ይችላል። እኛም በመጀመሪያ እንዲህ መስሎን አዝነን ነበር፤ ቀለምና ወረቀት የተከሰሱበት ቦታ እኛም አብረን የተከሰስንበት ነውና።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን እስከ መጨረሻ ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። የጽሕፈትን መምህር የሚከስሰው ይኸው መጽሐፍ ሄኖክን ጸሐፌ ጽድቅ ብሎ ይጠራዋል። የከዋክብትን ምሥጢር የገለጡትን የሚነቅፈው ይኸው መጽሐፍ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ባለው ክፍል መልአኩ ኡራኤል የፀሓይንና የጨረቃን መንገድ ለሄኖክ በዝርዝር እንዳስተማረው ይተርካል፤ የዓመቱንም ቀኖች 364 አድርጎ ይቈጥራል። መጽሐፈ ኩፋሌም ይህን ያጸናልናል። በዚያ ትጉሃን በያሬድ ዘመን መጀመሪያ የወረዱት ለሰው ልጆች ፍርድንና ቅንነትን ሊያስተምሩ ነው፤ የሳቱት በኋላ ነው። መጻፍን ከሰው ልጆች አስቀድሞ የተማረ ሄኖክ ነው ይላል። ከጥፋት ውኃም በኋላ ክፉዎች መናፍስት የኖኅን ልጆች ባስጨነቁ ጊዜ መላእክት የዕፀዋትን መድኀኒት ለኖኅ አስተማሩት፤ እርሱም በመጽሐፍ ጽፎ ለልጁ ለሴም ሰጠው። እንግዲህ ሥሩ ያው ሥር፥ ኮከቡ ያው ኮከብ፥ ቀለሙም ያው ቀለም ነው። ልዩነቱ አንዱ ዕውቀት ለፍትወት ዋጋ እንደ መማለጃ የተሰጠ፥ ሁለተኛው የሰውን ሕማም አይቶ በሥርዐት የተሰጠ መሆኑ ነው። ለመምህራንና ለተማሪዎች ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት እናገኛለን ብለን አናስብም።

ስለ መጽሐፉ ውበት ይህን ያህል ከተናገርን ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባንም። አንደኛ፥ ሁለት ታሪኮች በአንድ ላይ እንደ ተሰፉ ስፌቱ ይታያል። በአንዱ የጥፋቱ አለቃ ስምያዛ፥ ጥፋቱም ፍትወት ነው፤ በሁለተኛው አለቃው አዛዝኤል፥ ጥፋቱም ያለ ሥርዐት የተገለጠ ዕውቀት ነው። ያሰባሰበው ጸሐፊ ሁለቱን አስማምቶ አንድ ለማድረግ አልተጠነቀቀም። ሁለተኛ፥ ታሪኩ ሁሉ በሴቶች ላይ ሲዞር ከሴቶቹ አንዲቱ እንኳ በስም አልተጠራችም፥ አንድ ቃልም አልተናገረችም። በምዕራፍ 19 የመጨረሻ ዕጣቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ በዚያም የግሪኩ ንባብ በዜማ እያባበሉ መርከበኞችን የሚያጠፉ የተረት ፍጥረቶች ይሆናሉ ሲል፥ የግዕዙ ተርጓሚ ቃሉን ከሚመስለው ሌላ የግሪክ ቃል ጋራ ስላሳሳተው ሰላማውያን አድርጓቸዋል። እንዲሁም በምዕራፍ 6 በያሬድ ዘመን ወረዱ የሚለው ንባብ በግዕዙ አርዲስ የተባለ የቦታ ስም ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህን ስሕተቶች የምንጠቅሰው የጥንቱን ተርጓሚ ለመንቀፍ አይደለም፤ ከግሪክ ጽሑፍ ፊት ተቀምጦ እንዴት እንደ ደከመ እጁን ስለሚያሳዩን ነው።

ሦስተኛ፥ መጽሐፉ ለረዐይት ራሳቸው ቃል አልሰጣቸውም፤ ይበላሉ፥ ይዋጋሉ፥ ይጠፋሉ። ይህ ጉድለት የተሰማን እኛ ብቻ አይደለንም። በቁምራን ዋሻዎች በአራማይስጥ በተገኙት ቍርጥራጮች መካከል የረዐይት መጽሐፍ የሚባል ድርሰት አለ። በዚያ የስምያዛ ልጆች ኦህያና ሃህያ አስፈሪ ሕልም አይተው ይጨነቃሉ፤ ማሃዋይ የተባለውን ባልንጀራቸውንም ትርጓሜውን እንዲያመጣ ወደ ሄኖክ ይልኩታል። ከረዐይትም ስሞች አንዱ የባቢሎኑ ጀግና ጊልጋሜሽ ነው። ግፈኛው ራሱ በሌሊት ፍርዱን ሲያልም ማየት ለታሪኩ ነፍስ ይጨምርለታል። ይህ ድርሰት በኋላ በማኒ ተከታዮች እጅ እስከ መካከለኛው እስያ ደርሶ፥ ከዚያ የተገኙትን ቍርጥራጮች ሄኒንግ የተባሉት ሊቅ በ1943 ዓ.ም. አሳትመዋቸዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ታላቅ ተቃውሞ መኖሩን አንዘነጋም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 በትንሣኤ ሰዎች እንደ መላእክት እንጂ እንደማያገቡ ተነግሯልና፥ መላእክት እንዴት ሚስት ያገባሉ የሚል ነው። በዚህ ምክንያት አፍሪካኖስ በሦስተኛው መቶ ዓመት፥ አውግስጢኖስም የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው መጽሐፉ በ15ኛው ክፍል፥ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት የሴት ልጆች ናቸው ብለው ተርጕመዋል። በግዕዝ የሚገኘው ገድለ አዳምም ደቂቀ ሴት ከቅዱሱ ተራራ ወደ ቃየል ልጆች እንዴት እንደ ወረዱ በሰፊው ይተርካል። በሌላ ወገን ግን የይሁዳ መልእክት የሄኖክን ትንቢት በስሙ ይጠቅሳል፤ ሹመታቸውን ያልጠበቁትንም መላእክት ያነሣል፤ ተርቱልያኖስም ለመጽሐፉ ጠበቃ ሆኖ ተከራክሯል። ክቡረ ነገሥትም ወደ መጨረሻው ገደማ የመላእክቱን ውድቀት ይተርካል።

በእነዚህ መካከል መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም ብለናል። ነገር ግን እንደ ድርሰት ስንመለከተው ሁለቱም ትርጓሜዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የወረደው ከፍ ባለ ቦታ የነበረው ነው። መልአክ ከሰማይ ይውረድ፥ ጻድቅ ከተራራ ይውረድ፥ መጠበቅ የሚገባውን ሥፍራ የተወ እርሱ ነው፤ የተጨነቀውም በታች የነበረው ነው። ከፍ ያለ ሰው ሲሳሳት የሚወለደው ጥፋት ከእርሱ ይልቅ ግዙፍ እንደሚሆን ሁለቱም ያስተምራሉ።

በመጨረሻ ስለ መጽሐፉ ዕድል ጥቂት እንናገር። የአራማይስጡ ቍርጥራጭ ብቻ ቀረ፤ የግሪኩም ከፊሉ ብቻ ተገኘ፤ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጠበቀ ግዕዝ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት ጋራ ቈጥራ አቈይታዋለች፤ በቤተ እስራኤልም ዘንድ የተከበረ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1773 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት ቅጅዎች ይዞ ሄደ። በ1821 ዓ.ም. ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ዲልማን በ1851 ዓ.ም. የግዕዙን ንባብ አሳተመ፤ ሚሊክም በ1976 ዓ.ም. የአራማይስጡን ቍርጥራጮች አወጣ። ይህ ሁሉ ሊቅ የደከመው በደብተራና በካህን እጅ ብራና ላይ በተገለበጠ ቃል ነው። እኛ ግን በትምህርት ቤት ሳለን ስሙን ሰማን እንጂ ገጹን አልገለጥንም፤ በኋላም ስንሰማው የሰማነው በክንድ ቍጥር ነው።

ስለዚህ መምህራን ይህን መጽሐፍ ለተማሪዎቻቸው ሲያነሡ ከ3000 ክንድ እንዳይጀምሩ እንለምናቸዋለን። ከስምያዛ ፍርሀት ይጀምሩ፤ ከበሉት ድካም ይጀምሩ፤ ሄኖክ ማመልከቻውን እያነበበ ካንቀላፋበት ከዳን ውኃ ዳር ይጀምሩ። ተማሪውም የሄኖክን ቀለም ከጴኔሙእ ቀለም ለይቶ ይወቅ። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ፥ ትጉሃን የተባሉት በማንቀላፋት እንዳልወደቁ፥ ዓይናቸውን ከፍተው የተሰጣቸውን ሥራ በመተዋቸው እንደ ወደቁ እናስታውስ። ያቺ እናት ተመልሰው ቢመጡ፥ አስቀድመን የምንጠይቃቸው ጉዳያቸውን እንዲሆን ለራሳችን ቃል ገብተናል።